ከከበሮዎቹ ጎን የተሰጣችው ጊታር

ታኅሣሥ 18

የፈተና ወረቀት ሳርም ዋልኩ። አሥረኛ ክፍሎች ስለ ድምፅ ምንም አልገባቸውም። ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ፤ ዝም ልበል።

ከሰዓት እህቴ ስንቄ ከሞጣ ደወለች። "አባባ ጊታሬን አምጣልኝ ብለዋል።" መስከረም ላይ ስትሮክ ግራ እጃቸውን ከያዛቸው ወዲህ ምንም ነገር ጠይቀው አያውቁም። ሐኪሙ ጣቶቻቸውን ያለማምዷቸው ብሏል። ከጥምቀት በኋላ እመጣለሁ አልኳት።

ጊታሯ እኔ ጋ ቢቸና ከመጣች አሥራ አራት ዓመቷ። የእኔ መስላኝ ነበር…

ታኅሣሥ 20

ቤቴ ውስጥ ሁለት ጊታር አለ። አሮጌዋ የአባባ ናት። በ1963 ደብረ ማርቆስ ሲማሩ አንድ የውጭ አገር መምህር ወደ አገሩ ሲመለስ ሰጥቷቸው ሄደ። አዲሷን የዛሬ ሁለት ዓመት እኔ ከባሕር ዳር ገዛኋት። ሁለቱም ባለ ናይለን ክር፣ በጣት የሚደረደሩ።

ለአባባ አዲሷን ብወስድላቸውስ? ሰበብ አይጠፋም። ግን ሰበቡ እውነት ቢሆን ይሻላል። የፊዚክስ መምህር አይደለሁ? ለካሁ።

ክሩ ከአንገቱ እንጨት ያለው ከፍታ፦ አሮጌዋ አምስት ሚሊ ሜትር፣ አዲሷ ሦስት። አሮጌዋን ለመጫን ጉልበት ይጠይቃል።

አንድ ክር ተነክቶ ዝም እስኪል፦ አሮጌዋ አምስት ሰከንድ፣ አዲሷ ስምንት።

ቁጥሩ ሁሉ ለአዲሷ አደላ።

ታኅሣሥ 24

ቁጥሩ ያልነገረኝ ነገር አለ። ዛሬ በሁለቱም ላይ ባቲ ደረደርኩ። አዲሷ ላይ የፊተኛው ድምፅ ሳያልቅ የኋለኛው ይደርስበታል፤ ይንጫጫል። አሮጌዋ ላይ የአውራ ጣቱም የቀለበት ጣቱም ለየብቻቸው ይሰማሉ። በጣት ለሚደረድር ሰው ቶሎ ዝም ማለትም ሙያ ነው።

እንጨቷ ይመስለኛል። በተለይ ሆዷ ላይ ክሮቹ የሚታሰሩበት፣ ያ ጥቁሩ። ዛሬ የማይገኝ የባሕር ማዶ እንጨት መሆን አለበት። አባባ ሁልጊዜ "ከፋብሪካ እንደወጣች ናት፣ የሰው እጅ አልነካትም" ይላሉ።

አሮጌዋን አልሰጥም። ይኸው ጻፍኩት። አዲሷን እወስድና ለእጅዎ ትቀልዎታለች እላለሁ። ውሸት አይደለም… ታዲያ ለምን ደበረኝ?

ጥር 2

አሮጌዋ ድምጿ ደከም ብሏል። ክሯ አርጅቶ ነው። በር ላይ ቁጭ ብዬ ስነጫነጭ አከራዬ እትዬ አስናቀች ሰሙኝ። "ብርድ ገብቷት ይሆናል" አሉ። ሳቅሁ። እንደ እናት ነው የሚያዩኝ፤ ትርፍ ቁልፌም እሳቸው ጋ ነው፤ ልብሴ እንኳ ሲቀደድ ከእኔ በፊት ያውቃሉ።

ጥር 7

ከትምህርት ቤት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገባሁ። ግቢው ውስጥ የጽዋ ማኅበሩ ሁለት ከበሮዎች ለጥምቀት ፀሐይ ላይ ወጥተዋል። ከጎናቸው፣ ንጹሕ ነጠላ ላይ፣ ሆዷ ወደ ሰማይ… ጊታሯ። ከጠዋት ጀምሮ።

ሆዷ አብጧል። ጥቁሩ እንጨት ከኋላው ተላቋል፤ ክፍተቱ ውስጥ ጥፍሬ ገባ።

"ከበሮ ፀሐይ ካልመታው መች ይናገራል? ደከመች ስትል ሰምቼ እኮ ነው፣ የኔ ልጅ" አሉ እትዬ አስናቀች።

ምን አልኩ? "ይቺ ከበሮ ናት? የማያውቁትን ነገር ለምን ይነካሉ?" ጮክ ብዬ። ከበሮ ሊያዩ የመጡት የማኅበሩ ሴቶች አራት ሆነው ቆመው ነበር።

"እጄን ይቁረጠው" አሉና ነጠላቸውን አራግፈው ገቡ።

ጥር 8

ክሮቹን ፈታኋቸው። የእትዬ አስናቀች በር ዝግ ነው።

ጥር 12

ጥምቀት አለፈ። ታቦቱን ስንሸኝ አየኋቸው፤ ከኋላ፣ ጥግ ይዘው። በየዓመቱ ትልቁን ከበሮ የሚመቱት እሳቸው ነበሩ። ዘንድሮ ሌላ ሴት ይዛዋለች። "የማላውቀውን አልነካም" ብለዋል አሉ።

ሄጄ ይቅርታ ልጠይቅ? ጠይቄ ምን እላለሁ? ጊታሯን እንደሆነ አበላሽተዋታል። ሐቅ ሐቅ ነው።

ጥር 14፣ ሞጣ

መንገዱ ሁለት ቀን ዝግ ነበር፤ ዛሬ ተከፈተ። ሁለቱንም ጊታር ታቅፌ ሚኒባስ ውስጥ ተቀመጥኩ። ደብረ ወርቅ ላይ አንዱ "ሰርግ ነው?" አለኝ። ለቅሶ ልለው ነበር።

አባባ ጋ ሳልደርስ ቀጥታ ወደ አናጢው ወደ ጋሽ ሙሐመድጣሂር። አሮጌዋን ገልብጠው አዩና፣ ገና ምንም ሳልናገር፣ "ፀሐይ" አሉ። ጥቁሩን እንጨት በቀጭን ቢላዋ አንስተው ከስሩ አዩት። ሳቃቸው መጣ።

"ና እይ።"

ከስሩ ሦስት ጭረት አለ። ጎን ለጎን፣ በመሮ የተጫረ።

"የአባቴ ምልክት ነው። በሠራው ሁሉ ላይ ያደርጋት ነበር። ይሄ ወይራ ነው ልጄ፣ ዘይት ጠጥቶ ጠቁሮ ነው። የፋብሪካው ተሰብሮ ይሆናል፣ በሱ ፈንታ አባቴ የቀረጸው ነው።"

"የባሕር ማዶ አይደለም?"

"የዚሁ የሞጣ ነው።"

አዲስ ኮላ ቀቡና በሞርሳ አሰሯት። ሁለት ቀን ትቆይ አሉ።

እኔ ታኅሣሥ 24 ምን ጽፌ ነበር? ወደ ኋላ ገልጬ አነበብኩት። ተማሪ እንዲህ ቢጽፍልኝ ዜሮ ነበር የምሰጠው።

ጥር 15

አባባ ከስተዋል። ግራ እጃቸው ጭናቸው ላይ ተቀምጣለች፣ የሌላ ሰው እጅ ይመስል። አዲሷን ብቻ ይዤ ስገባ አዩና "የእኔዋስ?" አሉ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ልሰጣቸው አለመፈለጌን ጭምር። እንዴት እንዳመለጠኝ አላውቅም።

እሱን አለፉት። የጠየቁኝ ሌላ ነው።

"ማን አሰጣት?"

"እትዬ አስናቀች። ያከራዩኝ ሴትዮ።"

"ተቆጣሃቸው?"

"አዎ።"

"ሰው ፊት?"

"አራት ሴቶች ፊት።"

 አባባ ቀስ እያሉ፣ ቃሉ እየተያዘባቸው፣ ነገሩኝ። ከማርቆስ ይዘዋት በመጡ ሳምንት እናታቸው እማሆይ ወለተ ሐና ከቤተ ክርስቲያኑ ከበሮ ጎን አሰጥተዋት ነበር። እንጨቱ ተላቆ ተሰነጠቀ። አባባ በድብቅ አናጢው ጋ ወሰዷት።

"እናቴ የአገር መሳቂያ ልትሆንብኝ ሆነ። ፀሐዩ ጊታሯን በጃት፣ ድምፅ አወጣላት አልኳት። ለጠየቀኝ ሰው ሁሉ ደግሞ ከፋብሪካ እንደወጣች ናት አልኩ። እስክትሞት አላወቀችም።"

"ለእኔስ? እሳቸው ካረፉ በኋላ?"

"አፍ ከለመደ መች ይተዋል?" አሉና በግማሽ አፋቸው ሳቁ።

አዲሷን አስታቀፍኳቸው። ሦስት ጊዜ ሞከሩ፣ ክሩ አልተጫነላቸውም። በአራተኛው አንድ ድምፅ ወጣ፤ ስምንት ሰከንድ ሙሉ። ስንቄ ከጓዳ ወጥታ ቆመች።

"ይቺ ገራም ናት" አሉ። "ያቺን አንተው ያዛት። እኔ ከእንግዲህ አልችላትም።"

የፈለግሁት ሁሉ ሆነልኝ። ለእጅዎ ትቀልዎታለች ማለት እንኳ አላስፈለገኝም። ግን ደስ አላለኝም። እትዬ አስናቀች በሩን ዘግተው ቁጭ ያሉት ነው የሚታየኝ።

ጥር 17

አሮጌዋን ከጋሽ ሙሐመድጣሂር ተቀበልኩ። ክር ቀየርኩ። እዚያው ባቲ ደረደርኩላቸው። አምስት ሰከንድ። እንደ ድሮው።

ጥር 21፣ ቢቸና

ዛሬ ማርያም ናት። የጽዋ ማኅበሩ ተራ የእትዬ አስናቀች ነበር፤ ሴቶቹ በሙሉ ግቢ ውስጥ። እነዚያ አራቱም አሉ። እስኪሰበሰቡ ጠበቅሁ። ሰው ፊት የተነገረ ነገር ሰው ፊት ነው የሚነሳው።

ጊታሯን ይዤ መሐላቸው ገባሁ። ሁለት ደቂቃ ያህል ደረደርኩ። ወሬው ቆመ።

"ዳነች?" አሉ እትዬ አስናቀች፣ ሳያዩኝ።

"ድሮም አልታመመችም። ፀሐዩ በጃት። ሞጣ አናጢውም አባባም የነገሩኝ ይህንኑ ነው። ሳላውቅ ነው ያስቀየምኩዎ፣ ይቅር ይበሉኝ።" እግራቸውን ልስም ዝቅ ስል በትከሻዬ ያዙኝ።

"እውነትህን ነው?"

"ይስሙት እንጂ ድምጿን!"

አንደኛዋ ሴትዮ "እኔ ያኔውኑ ብያለሁ፣ እሷ አትሳሳትም" አለች። ምንም አላለችም ነበር። ከበሮውን አንስታ ሰጠቻቸው፤ እትዬ አስናቀች ጥቂት አይተውት በአንገታቸው አገቡት። መዝሙሩን እስከ ማታ ሲመቱ ሰማሁ። ደስ ብሎኛል፤ በጣም።

ሴቶቹ ሲለያዩ እትዬ አስናቀች በሬ ላይ ብቅ አሉ። "እንግዲህ በየዓመቱ ከጥምቀት በፊት ከከበሮዎቹ ጋር አወጣልሃለሁ። አንተ ሥራ ስለሚበዛብህ ትረሳለህ።"

"እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ" አልኩ።

ለከርሞ ከጥር አንድ ጀምሮ ጊታሯን ትምህርት ቤት ይዣት ልውል ነው።