ገለልተኛ ብለን የጻፍንባት መርከብ

ይድረስ ለውድ እናቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ በተሰበረ ልብ የማስታውቅሽ ነገር ቢኖር የሳሎናችን መጋረጃ ዘንግ ባለፈው ማክሰኞ በድንገት መውደቁን ነው። ዘንጉ ቤተሰባችንን ለረጅም ዘመን በቅንነት ሲያገለግል ቆይቶ በአባዬ ራስ ላይ አርፏል። የአባዬ ራስ ደህና ነው።

ለመሆኑ አንቺ እንዴት ነሽ? ወገብሽስ? አክስቴ ከአልጋ ተነሣች ወይስ አሁንም ተኝታ ታዝሻለች? እኛ፣ መተንፈስን እንደ ጤና ከቆጠርሽው፣ ደህና ነን።

ሬዲዮ የሚልሽን ተይውና እንዴት ጦርነት ውስጥ እንደገባን እኔ ልንገርሽ። ከታፔላ ጸሐፊ ቤት የሚደበቅ የመንግሥት ምስጢር የለም፤ የሚሰቀለውን ሁሉ ቀድመን የምንጽፈው እኛ ነና።

አንቺ አክስቴን ልታስታምሚ የሄድሽ ሰሞን ገለልተኛ ነበርን። ገለልተኛ ማለት፣ የወደቡ ሹም ለአባዬ እንዳስረዳው፣ ሁለት ጎረቤቶች ሲደባደቡ ለሁለቱም ዱላ መሸጥ ነው። «ዱላ እንኳን አይደለም፣ ስንዴ ብቻ» ብሎ ወዲያው ራሱን አረመ። ከዚያ አንደኛው ጎረቤት የተሻለ ከፈለ። ከስንዴው ጋር ጫማ ተጫነ፤ ከጫማው ጋር ደግሞ ወዛደሮቹ «ቀስ! እንቁላል ነው!» እየተባሉ የሚሸከሟቸው የብረት ሣጥኖች። በብረት ሣጥን የሚሄድ እንቁላል ምን ዓይነት ዶሮ እንደጣለው የጠየቀ የለም። ሌላኛው ጎረቤት መጀመሪያ አኮረፈ፣ ቀጥሎ አስጠነቀቀ። ጋዜጣችንም «ገለልተኛ ነን፤ ግን የተቆጣን ገለልተኛ» ብሎ መለሰለት።

የአባዬ ሥራ የመጣው ይኼኔ ነው። በየመርከቡ ጎን፣ በእኛም በአኩራፊው ጎረቤትም ቋንቋ፣ «ገለልተኛ» ተብሎ ይጻፍ፤ ፊደሉም የሁለት ሰው ቁመት ይኑረው ተባለ። አባዬ በገመድ ተንጠልጥሎ፣ እኔ ባልዲ ይዤ ከሥሩ፣ እንደ ሸረሪት ስንንጠላጠል ሰነበትን። ወንድሜ የተቀጠረባት መርከብ ላይ ስንደርስ አባዬ ነጩን ቀለም ደጋግሞ ደረበው። ልጅሽ ደግሞ ከመርከቧ ኩሽና መስኮት አንገቱን አውጥቶ «ኧረ አባዬ በቃ! መርከቧ በቀለም ክብደት ትሰምጣለች!» እያለ ሲያበሽቀው ዋለ።

«አንተ ድንችህን ላጥ» አለው አባዬ።

ካፒቴኑም ጽሑፉ በጨለማ እንዲነበብ አምፖል አስደረደረበት። መርከቧ እንቁላሏን ከስንዴው ሥር ይዛ፣ እንደ ሠርግ ቤት አብርታ ወጣች።

እና ትንሽ ዘግይታለች። ባሕር አይደል፣ ያዘገያል።

በዘገየች በሳምንቱ ምክር ቤቱ ተሰብስቦ፣ አጨብጭቦ፣ ጦርነት ገባ። በዚያው ቀን ጠዋት «ሰላም» የሚል ጨርቅ ያስጻፈን ሰውዬ ከሰዓት በኋላ ተመልሶ መጣና፣ ገልብጣችሁ በጀርባው «ክተት» በሉልኝ አለን። ጨርቅ ተወዷል።

ከዚያ የወደቡ ሹም ኮፍያውን በእጁ ይዞ ቤታችን ገባ። ኮፍያውን አውልቆ ሲገባ ያን ጊዜ የመጀመሪያው ነው። የወንድሜን ፎቶ ጠየቀን። ፊቱ በትልቅ ሰሌዳ ተሥሎ በየከተማው ሊሰቀል ነው። አባዬ ብሩሹን አንሥቶ፣ ሰሌዳው ፊት ቆሞ ቀረ። እኔ ተቀበልኩት። ሹሙ ከኋላዬ በትከሻዬ በላይ እያየ «የብረት ቆብ አድርጊለት» አለኝ። ዶሮ ሲታረድ አልጋ ሥር ለሚገባው ልጅሽ! አደረግሁለት። አላማረበትም። «ጥርሱንም ክደኚው፤ ወደ ጦርነት የሚጠራ ሰው አይስቅም» ሲለኝ ግን ቀለሙ ደርቋል ብዬ ዋሸሁት። ከሥሩ «ተከተሉት» ብዬ እንድጽፍ ታዘዝኩ። ወዴት እንደሆነ አልተጻፈም።

የዚሁ ሰሌዳ ቅጂ አክስቴ ሰፈር ያለው አውቶቡስ ማቆሚያ ላይም ይቆማል ብለውኛል። የምጽፍልሽ ለዚህ ነው፤ ብቻሽን እንዳታገኚው። በዚያ በኩል ስታልፊ ሰው ይዘሽ እለፊ። ወይ አትለፊ።

አባዬ ሥራ አቁሟል። ጠዋት ጠዋት ወደብ ይሄድና የቀሩት መርከቦች ላይ የጻፈውን፣ ወደ ኋላ እየራቀ፣ እየራቀ ያነባል። ግራጫ ሊቀቡበት የመጡትን ሠራተኞች «ቆይ አንዴ፣ ልጨርስ» ይላቸዋል፤ እነሱም አውቀውት ይጠብቁታል። እራት ላይ ቀና ብሎ «ፊደሉ አንሶ ይሆን እንዴ?» ይለኛል።

«ኧረ አባዬ፣ ከሩቅ ይነበባል» እለዋለሁ።

«ታዲያ እንዴት አላነበቡትም?»

እማዬ፣ አክስቴ ትንሽ ከተሻላት ነይልን።

ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፤ ልብሽን ያጽናው፤ እኛንም ያጽናን።

አሁን አንድ የቀረሁሽ፣
ሴት ልጅሽ

እርማት፦ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ መርከቧን በሚመለከት «ትንሽ ዘግይታለች» ተብሎ በተገለጸው ላይ «ትንሽ» የሚለው ቃል በስህተት የገባ ስለሆነ፣ ተሰርዞ እንዲነበብ በአክብሮት እናሳስባለን።