«የዘመትኩትማ እኔ ነኝ»

ልጄ ማርቲ፣ በሰው አገር የሰው ፊት አይግረፍሽ፤ የያዝሽውን ሁሉ ይባርክልሽ። እኛ አዳማ ደህና ነን ልበልሽ፤ ሙቀቱ ግን ገደለን። ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ አባትሽ ከአጠገቤ ስለማይጠፋ ነው።

ያኔ በደርግ ጊዜ አባትሽ፣ ወንድሙ በዳዳ ለብሔራዊ ውትድርና ሲጠራ «አዲስ ሙሽራ ነው» ብሎ በሱ ስም ዘምቶ፣ አንድ እግሩን ኤርትራ በረሃ ቀብሮ መምጣቱን ታውቂያለሽ። ዘንድሮ የዘማችነት መዝገቡ በራሱ ስም፣ በፉፋ እንዲታረምለት ለጽሕፈት ቤቱ አመለከተ። «ባለስሙ ይምጣና አልዘመትኩም ብሎ ይመስክር» አሉት። እኔ ሞኟ ዶሮ ሠርቼ አጎትሽን ከአርሲ ነገሌ አስመጣሁት።

እሱ ለካ ለዘማች የቤት ቦታ ሊሰጥ ነው የሚል ወሬ ሰምቷል። ዶሮዬን ጥርግ አድርጎ በልቶ፣ በማግስቱ ጸሐፊው ፊት «የዘመትኩትማ እኔ ነኝ» ብሎ አረፈው! ጸሐፊው የአባትሽን አንድ እግር አየ፣ የአጎትሽን ሁለት እግር አየ፣ ከዚያ ወደ አባትሽ ዞሮ «አባቴ፣ ወረቀቱ የሚለው በዳዳ ነው» አለ።

አባትሽ አልተቆጣም። ክራንቹን ለወንድሙ አስታቀፈውና «ከዘመትክ ይኼም ያንተ ነው» ብሎ፣ ግድግዳ እየያዘ በአንድ እግሩ እየዘለለ እስከ ባጃጁ ሄደ። ተራ የሚጠብቀው ሰው ሳቀ። አጎትሽም ክራንቹን ይዞ አገሩ ገባ፤ «ሳረጅ ይጠቅመኛል» አለ አሉ።

አሁን አባትሽ ወደ ደጅ የሚወጣው ወንበር እየገፋ ነው። ጾም ስለገባ በዳዳን አልረግመውም፤ ፋሲካ ይድረስ።

መድኃኔዓለም ከክፉ ወንድም ይጠብቅሽ። ቢቻልሽ አንድ ክራንች ላኪለት። ጥቅሉ ላይ የኔን ስም ተይው፤ ፉፋ ብለሽ ጻፊበት። አንድ ነገር እንኳ በስሙ ይምጣለት።

እናትሽ ዘርፉ