ሦስት ነጥብ ስድስት ስምንት

ጋርላንድ፣ ሴፕቴምበር 1996

ውድ ጉግሳ፣

ዋሽተህብኛል። ሃምሳ ሰው በተሰበሰበበት አዳራሽ «ደጋግሜ ነግሬያቸዋለሁ፤ አይሰሙም» ብለህ ዋሽተህብኛል። አንድም ቀን አልነገርከኝም።

በዚህ ሳምንት አራት ጊዜ ደውለሃል። አራቱንም ጊዜ ስልኩን ያነሳችው ባለቤቴ አገሬ ናት፤ «የለም በይው» ያልኳት ግን እኔ ነኝ። በአራተኛው «ከዚህ በኋላ ራስህ ዋሽ፤ እኔ ደከመኝ» አለችኝ። ስለዚህ ይኸው ጻፍኩልህ።

አንተ ወደ ዩለስ ሄደህ ኤርፖርት ሥራ ከመግባትህ በፊት፣ ፋርመርስ ብራንች መጋዘን ውስጥ አብረን ካርቶን ስንደረድር፣ በምሳ እረፍት ሰው ጥሎት የሄደውን ጋዜጣ ያነሳኸው አንተ ነህ። ቤዝቦል ምን እንደሆነ ሁለታችንም አናውቅም ነበር። እኔ ዛሬም ጨዋታውን ሳየው እንቅልፌ ይመጣል። ቁጥሩ ግን ሌላ ነው። የአንድ ተጫዋች ሙሉ ዓመት በአንዲት መስመር ተጽፎ፣ አንዱ ቁጥር ከሌላው ይወለዳል። አንዱን በአውራ ጣትህ ትሸፍንና «ጋሼ፣ ይኼ ስንት ነው?» ትለኛለህ። ከቀሩት ተነስቼ በካርቶን ክዳን ላይ እሠራዋለሁ። ጣትህን ስታነሳ ልክ ነኝ። «እርስዎ እኮ የሆነ ነገር አለብዎት፤ ጠበል ይግቡ!» ትል ነበር። የትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጥኩ፣ ማካፈልን ከሌላ ሰው ልጆች አሮጌ ደብተር የለቀምኩ ሰው ነኝ። ያቺ ቃልህ ደስ ታሰኘኝ ነበር። ነግሬህ አላውቅም።

አንድ ሕግ ነበረኝ፤ ራስህ ያልሠራኸውን ጥያቄ ሰው አትጠይቅ። ስለዚህ አስቀድመህ በጋዜጣው ጠርዝ ላይ በእርሳስ ትሠራና፣ እንዳላይ ጠርዙን ታጥፈዋለህ።

የማኅበራችንን ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ ሒሳብ የሚያስተምር ሰው ሲፈለግ ስሜን ያነሳኸው አንተ ነህ፤ አልክድም። ዲፕሎማ የላቸውም ሲባል «በፊታችሁ ይፈተኑ» ያልከውም አንተ ነህ። ምን ያህል እንደፈለግሁት ታውቃለህ። ለአገሬ እንኳ ያልነገርኩትን ላንተ ነግሬሃለሁ፤ ሳልሞት ሰሌዳ ፊት መቆም እፈልጋለሁ፤ ለመማር ካልሆነልኝ ለማስተማር።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለፈተናው ጋዜጣህን አጥፈህ ወደ አዳራሹ መጣህ። ሁልጊዜ የምንሠራው የመቺዎቹን ሰንጠረዥ ነበር። ያን ቀን የኳስ ወርዋሪዎቹን አወጣህ። ሰውየው 61.2 ኢኒንግ፣ ያው የጨዋታ ዙር፣ ወርውሯል፤ 25 ሩጫ፣ የእነሱ ጎል፣ ተቆጥሮበታል፤ በዘጠኝ ኢኒንግ ስንት ይደርስበታል? ሃያ አምስትን በዘጠኝ አባዛሁ፤ ለ61.2 አካፈልኩ። 3.68 ብዬ ጻፍኩና ጠመኔውን አስቀመጥኩ።

ጣትህን አነሳህ። ጋዜጣው 3.65 ይላል።

«ጋዜጣው ተሳስቷል» አልኩ።

አንዱ ከኋላ «እንክሰሰዋ!» አለ። ሳቁ። እንደገና ሠራሁት፤ 3.68። «ተሳስቷል ብያለሁ!» ብዬ ጮህኩ።

ያኔ ባንክ ቤት የሚሠራው ናሆም ተነሳ። «ሶ፣ ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ማለቴ... ያቺ ነጥብ እርስዎ እንደሚያስቧት አይደለችም። አንድ ኢኒንግ የሚያልቀው ሦስት መቺ ከጨዋታ ሲወጣ ነው። ነጥብ ሁለት ማለት ከሦስቱ ሁለቱ ወጥተዋል ማለት ነው። ስድሳ አንድ ከሁለት ሦስተኛ።»

በልቤ አካፈልኩት። 3.65 መጣ። ልጁ ልክ ነበር። ልክ ነህ ልለው አፌን ስከፍት አንተ ቀደምከኝ። «ደጋግሜ ነግሬያቸዋለሁ፤ አይሰሙም።»

ሁሉም አመነህ። ግትር መሆኔን ማን ያጣዋል? ውሸትህን እውነት ያስመሰለው የገዛ ጠባዬ ነው። ሰብሳቢዋ ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ምን እንዳሉ ሰምተሃል። «አለማወቅ ነውር አይደለም፣ ጋሼ። እየተነገረው እምቢ የሚል ሰው ግን ልጆቻችንን እንዴት ያስተምራል?» ክፍሉ ለናሆም ተሰጠ። አልተማረም ብለው ቢከለክሉኝ እችለው ነበር።

ሰው ሲወጣ ወንበር ላይ የረሳኸውን ጋዜጣ አገኘሁ። ጠርዙን ዘረጋሁት። በእርሳስ፣ ሁለት ክብ አነባብረህ በምትጽፈው በዚያ ስምንትህ፣ ሁለት ጊዜ ሠርተሃል። ሁለቱም ጊዜ 3.68። ከጎኑ የጥያቄ ምልክት።

አንተም አታውቅም ነበር። ያልገባህን ይዘህ የመጣኸው እኔ እንደምፈታው ስላመንክ ነው። እኔን ያመመኝ ከውሸቱ ይልቅ ይኼ ነው።

ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ፓርክ ካደረጉበት ገና አልተንቀሳቀሱም ነበር። ወረቀቱን ይዤ እስከ መኪናቸው በር ሄድኩ። መስታወታቸውን ዝቅ አድርገው «ምነው ጋሼ፣ የረሳሁት ነገር አለ?» አሉኝ። «የለም» አልኩ። አንተን አዋርጄ ሰሌዳ ፊት አልቆምም።

ጠርዙን ቀድጄ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ። ቅጂ አላስቀረሁም፤ ለአገሬም አላሳየኋትም። አቃጥለው፤ ወይም ለሰብሳቢዋ ውሰድላቸው። እኔ አልጠይቅህም።

ከእንግዲህ ስትደውል ስልኩን የማነሳው እኔ ነኝ። የወርዋሪዎቹን ሰንጠረዥ ካመጣህ እሠራዋለሁ፤ አሁን አውቀዋለሁ። ስለዚያ እሑድ አንዲት ቃል ካነሳህ ግን፣ ይቅርታም ቢሆን፣ ስልኩን እዘጋዋለሁ። እኔ የምለውን እዚህ ጨርሻለሁ። እስክቀበር ድረስ ከአፌ አይወጣም።

ኃይለ መስቀል