ለዓሦቹ የቀዳሁት ውሃ

ወልድያ፣ ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

ዛሬ ጠዋት መርሳ ከተማ ባለው ቤታችን ሦስተኛው ዓሣ ሞተ። ወንድሜ ከጅቡቲ በከባድ መኪናው ካመጣልኝ አምስት የባሕር ዓሦች የቀሩት ሁለት ናቸው።

ሲበዛ ዓሣ የሚገድለው፣ ናይትሬት የሚባለው ነገር ከገንዳቸው ውሃ ውስጥ አልወርድ አለኝ። የመለኪያው መመሪያ ውሃውን ቀይር ስለሚል፣ ወር ሙሉ በየሁለት ቀኑ ከግቢያችን ጉድጓድ እየቀዳሁ፣ ጨው እየበጠበጥኩ ቀየርኩ። በቀየርኩ ቁጥር፣ ናይትሬት ሲበዛ የሚቀላው መለኪያ ይበልጥ ይቀላል።

ጎረቤታችን ሐጂ ዑመር ወደ ሽንኩርት ማሳቸው ሲያልፉ ጎራ ብለው ጉዴን ሰሙ።

«ውሃውን ከየት ነው የምትቀዳው?» አሉኝ።

«ከጉድጓዳችን ነው፣ ሐጂ። ሰው ሁሉ ንጹሕ ነው ይል የለ።»

በእጃቸው ወደ ማሳቸው አመለከቱ። «እኛ ከላይ ማዳበሪያውን በመስኖ ስንለቀው ወዴት የሚሄድ መስሎህ ነው?»

እሳቸው እንደሄዱ ጨው ያልገባበትን የጉድጓድ ውሃ ብቻውን ለካሁት። እንደ ገንዳው ቀላ። ለዓሣ ምን ያደርጋል ብዬ የዘለልኩትን የመመሪያውን ጀርባ አነበብኩ። እንዲህ የቀላ ውሃ ለጨቅላ አይሰጥም፣ ከንፈሩን ያጠቁራል፣ ማፍላትም አያጠራውም ይላል።

ልጃችን ሁለት ወሯ ነው። ባለቤቴ ዘሃራ የዱቄት ወተቷን የምትበጠብጥላት በዚሁ ውሃ ነው። ሰሞኑን ከንፈሯ ሲጠቁር፣ ብርድ ነው ብለን ሹራብ ደረብንላት።

አሁን ወልድያ ሆስፒታል ነን፤ ዘሃራ ታቅፋት ሐኪም ጋ ገብታለች። እኔ ደጅ ነኝ። ከቤት ስንወጣ ሳላስበው ያነሳሁት ይህን ደብተር ነው። ወር ሙሉ የገንዳው ውሃ ቀለም በየቀኑ ተጽፎበታል። የልጄ ከንፈር አንድም ገጽ ላይ የለም።