«እንደፈለግሽ» ያልኳት ቀን

ውድ ወንድሜ ከማለዲን፤

ፖስታውን ስታይ የትራፊክ ቅጣት መስሎህ እንዳትደነግጥ፤ እኔ ነኝ፣ ደግነት። መደወል እየተቻለ ምን ደብዳቤ አስጻፈው እንደምትል አውቃለሁ። እኔና አንተ ግን ስልክ ላይ ቁም ነገር አይሆንልንም። ገና ሰላምታው ሳያልቅ አንዳችን ቀልድ እንጀምራለን፣ ከዚያ ለአንዳችን ተሳፋሪ ይመጣል፣ «በል ቻው» ነው። ልጅህን ሳን ሆዜ ኮሌጅ አስገብተህ ወደ ሲያትል ከሄድክ ወዲህማ ብሶብናል። ይህን የማመሰግንህን ነገር በቀልድ ማለፍ ስላልፈለግሁ ነው ወረቀት የያዝኩት።

ልጄን ብርነሽን ያ የተመኘችው ኮሌጅ ተቀበላት። የገንዘብ ድጋፉም ከፈራነው ተሽሎ መጣ። ዜናውን ከልጅህ ከዲና ሰምተህ «አልሐምዱሊላህ» እንዳልክ ነግራኛለች። ግን ነገሩ እንዴት እንደሆነ ግማሹን ብቻ ነው የምታውቀው። ሌላውን ግማሽ ደግሞ አንተ ደብቀኸኝ ቆይተህ እኔ በቅርቡ ሰማሁት። ሁለቱንም ልንገርህ።

ባለፈው መስከረም ነው የተጀመረው። ብርነሽ የሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻ ዓመቷ ስለሆነ የምታመለክትባቸውን ኮሌጆች ትመርጥ ነበር፤ አንድ ዓመት የምትቀድማት ዲናም ከሳን ሆዜ በስልክ ትረዳት ነበር። ከሁሉም መሀል ልቧ የወደቀው ሚኒሶታ ባለች አንዲት ትንሽ ኮሌጅ ላይ ነው። ምን ልትማር? ስለ ድንጋይ! «ድንጋይማ እዚሁ በርክሌ ተራራ ላይ ሞልቶ የለም ወይ?» ብዬ አላገጥኩባት። እሷ ግን እጄን ይዛ ከቤታችን በላይ ወዳለው መንገድ ወሰደችኝና የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ተሰንጥቆ፣ አንዱ ጫፍ ከሌላው ትንሽ ራቅ ማለቱን አሳየችኝ። «ዳድ፣ ኢት ኢዝ ሙቪንግ። በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ» አለችኝ። መሬቱ ከሥር እየሄደ ነው ማለቷ ነው። ኤል ሴሪቶ ይህን ያህል ዓመት ስኖር በዚያ ስንጥቅ ላይ ስንት ጊዜ እንደተራመድኩ እንጃ። ልጅቷ የምሯን መሆኑ ያኔ ገባኝ።

ታዲያ ኮሌጇ ሁለት ዓይነት ማመልከቻ አላት። አንደኛው እንደ ማንኛውም ሰው ማመልከት ነው። ሌላኛው ቀደም ብሎ ማመልከት ሲሆን ዕድሉ ሰፋ ይላል፣ ግን ያስራል። ብርነሽ እራት ላይ ለእናቷ ስታስረዳ፣ «ማሚ፣ ኢፍ ዘይ ሴይ የስ፣ አይ ሀቭ ቱ ጎ። ሌላ ስኩል የለም» አለቻት። ዕፀገነት እኔን አየችኝ። እኔም ተርጓሚ ሆኜ፣ «ሽማግሌ እንደ መላክ በይው። የምትልኪው አንድ ቤት ብቻ ነው። እሺ ካሉ ወደ ሌላ ቤት ማየት የለም» አልኳት።

«ጥሎሹ ሳይነገረን?» አለች ዕፀገነት።

ከማለዲን ሙት፣ የትምህርት ቤቱ አማካሪ ያን ሁሉ ወረቀት አስይዛ የላከቻት ጉዳይ በዚህች አንዲት ጥያቄ ተጠቃለለ። ድጋፉ ስንት እንደሆነ ሳታውቅና ከሌላ ጋር ሳታወዳድር ነው እሺ የምትለው። ዕፀገነት «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» እያለች ልጅቷን ወጥራ ያዘቻት። ብርነሽ ግን አስባበት ነበር። ከዲና ጋር ሆነው በኮሌጁ ድረ ገጽ ላይ የእኛን ገቢ አስገብተው ግምቱን አይተውታል። የሚሰጡት በእርግጥ የማይበቃ ከሆነም ማሰሪያው እንደሚፈታ አስረዳችን። ዕፀገነት በመጨረሻ «አባትሽ ያለው ይሁን» ብላ ነገሩን እኔ ላይ ጣለችው።

እኔም ቀናት ወሰድኩ። ነዳሁ፣ አሰብኩ። እሑድ ከኦክላንድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሳን ፓብሎ ጎዳና ላይ ቀይ መብራት ይዞን ቆመን፣ «ዳድ፣ ሶ? ላመልክት?» አለችኝ።

«እንደፈለግሽ» አልኳት።

ይህችን ቃል ስናገር ምን እንደተሰማኝ ላንተ ብቻ ነው የምነግርህ። አባቴን አታውቀውም። ትምህርት ቤቴን የመረጠልኝ እሱ፣ ሙያዬን የመረጠልኝ እሱ፣ ፀጉሬን የት እንደምቆረጥ የመረጠልኝ እሱ ነው። በዕድሜው ለማንም «እንደፈለግህ» ብሎ አያውቅም። እኔ ለልጄ ይህን ስላት ከኔ የሚበልጥ አባት በካሊፎርኒያ ያለ አልመሰለኝም። አንድ ልጄን፣ የቤቴን ድምፅ፣ ወደዚያ በረዶ «ሂጂ» ማለቴ ነው። ዓይኔን ከመብራቱ ላይ አላነሳሁም።

«ኦኬ» አለችና በመስኮት ማየት ጀመረች። ማታ ለዕፀገነት «እንዴት ያለች የበሰለች ልጅ ናት! አልጨፈረች፣ አልጮኸች» ብዬ አሞገስኳት።

ሳምንት ቆይቶ የመረጠቻቸውን ስትነግረን እዚሁ ቅርባችን ያሉት በርክሌ፣ ዴቪስና ሳን ሆዜ ብቻ ሆኑ። «ያቺኛዋስ?» ስላት «ኔቨር ማይንድ፣ ዳድ፣ ተወው» አለችኝ። እንግዲህ የልቤን ልናገር። ደስ አለኝ። ከፋኝ ብል እዋሻለሁ። እኔ ሳልከለክላት ራሷ መቅረቷ እንዴት ያለ በረከት ነው ብዬ፣ ያን ቀን ሳፏጭ ነው የዋልኩት።

ከዚያ አንተ ደወልክ። ኦክላንድ ኤርፖርት የሹፌሮች መጠበቂያ ውስጥ ነበርኩ፣ ወረፋዬም ደርሶ ነበር። ለወትሮው በስድብ የምትጀምረው ሰውዬ ያን ቀን ሰላም እንኳን አላልከኝም።

«አንተ፣ ልጅቷን ምን ብለህ ነው ያስቀረሃት?»

«ማንን? እኔ ማንንም አላስቀረሁም! እንደፈለግሽ ነው ያልኳት።»

«በቃ፣ አስቀርተሃታል።»

«እንዴት ሆኖ?»

«አቦ ደግነት፣ ጓደኛዋ ቤት ልደር ስትልህ ምን አልካት? አፍንጫዬን ልበሳ ስትልህስ? የዚያን የትምህርት ቤቱ ዳንስ ዕለት ያንን ቀሚስ ልልበስ ስትልህስ?»

 ሁሉንም «እንደፈለግሽ» ብያታለሁ። ከንፈሬን ጣል አድርጌ፣ ፊቴን አዙሬ። አንዱንም አላደረገችም።

«ልጆቹ አማርኛውን ከእኛ ፊት ላይ ነው የተማሩት» አልከኝ። «እንደፈለግሽ ማለት በነሱ መዝገብ እምቢ ማለት ነው። ወላሂ፣ ዛሬውኑ ቤትህ ሂድና ሌላ ቃል ፈልግላት። ዴድላይኑ ሳያልፍ።»

ተሳፋሪ መጣልኝ፤ ስልኩ ይጮኻል፣ እኔ ፈዝዤ ቆሜአለሁ። ወረፋዬ አለፈ። ከኋላዬ ያለው ልጅ ጥሩምባውን ሲነፋብኝ ሞተር አስነስቼ ወደ ኤል ሴሪቶ ነዳሁ።

ብርነሽ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጠብቄ ወጥ ቤት አስቀመጥኳት። «ያን ዕለት እንደፈለግሽ ያልኩሽ የእውነቴን ነው» አልኳት።

«ዋት ዱ ዩ ሚን የእውነቴን?»

«እንዳለ፣ እንደ ቃሉ። አንቺ እንደፈለግሽው ማለቴ ነው።»

«ዳድ፣ ሀው አም አይ ሰፖዝድ ቱ ኖው ዛት? በምን ልወቅ?»

«ፊቴን ብታዪ ኖሮ...»

«ፊትህ ሁሌ አንድ ነው!» አለችና አለቀሰች።  አማርኛው ሁሉ ሸሸኝ። በመጨረሻ «ብትሄጂ ይከብደኛል፤ ብትሄጂ ደስ ይለኛል። ሁለቱም እውነት ነው። ሂጂ» አልኳት። እየሳቀች እያለቀሰች አቀፈችኝና ያን ዕለት ምሽት ኮምፒውተሩን አምጥታ የወላጅ ፊርማ የሚለው ቦታ ላይ ስሜን አስጻፈችኝ። ዕፀገነት ከኋላችን ቆማ በስመ አብ አለች።

እስከዚህ ያለውን በከፊል ታውቀዋለህ። አሁን ወደ ደበቅኸኝ ልምጣ።

መልሱ የመጣ ጊዜ ዲና ደስታችንን ልትካፈል እኛ ዘንድ መጥታ ነበር። ስትመለስ ወደ ባቡሩ ጣቢያ እኔ ሸኘኋት። መኪና ውስጥ ለጨዋታ ያህል፣ «አንቺስ ዲና፣ ለምን ራቅ ብለሽ አልሄድሽም?» አልኳት። ሳቀች። «ጋሽ ደግነት፣ አባዬም እኮ እንደፈለግሽ ብሎኝ ነው» አለችኝ።

መኪናውን ጥግ አስያዝኩ።

የብርነሽን ነገር የነገረችህ ዕለት፣ «አይ ኖው ሀው ኢት ፊልስ፣ አባዬ፣ እኔም እንደዛ ነው የቀረሁት» እንዳለችህ ነገረችኝ። አንተም «ቆይ፣ መልሼ እደውልልሻለሁ» ብለህ ዘጋህ። ከዚያ ነው እኔ ጋ የደወልከው። ልክ ከዚያ ቀጥለህ።

ከማለዲን፣ ይህን ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፌ ልክ የለውም። ያን የመሰለ ነገር ከልጅህ አፍ ሰምተህ፣ ቁጭ ብለህ ራስህን ከመውቀስህ በፊት የእኔ ልጅ ቀኑ እንዳያልፍባት ሮጥክ። ስትቆጣኝ ድምፅህ እንደሌላው ጊዜ አልነበረም፤ እኔ ሲያትል በርዶት ነው ብዬ ነበር። ወንድም ከአንድ እናት ብቻ አይወለድም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ዕድሜ ይስጥህ፣ የልጆችህን ልጆች ያሳይህ። ከዚህ የበለጠ ምስጋና ቢኖረኝ እጽፍልህ ነበር።

ስለ ዲና አትጨነቅ። አልተቀየመችህም። ሳን ሆዜን ወዳዋለች፣ አስተማሪዎቿም ይወዷታል፣ ስትስቅ ቁርጥ አንተን ነው። ግን አንድ ነገር አለችኝ፤ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም እሱ ነው። «ይደውላል፣ በየቀኑ ይደውላል። ስለዛ ግን አያነሳም» አለችኝ። ማፈርህ እንደሆነ ገብቶኛል፤ እኔ ብሆንም አላነሳም። «የት መሄድ ነበር የፈለግሽው?» ብዬ ጠየቅኋት።

«እሱን ለሱ ነው የምነግረው፣ ከጠየቀኝ» አለች።

ቅዳሜ ቅዳሜ ክላስ የላትም። ጠይቃት።

የምትኮራበት ሳይሆን የሚኮራብህ ወንድምህ፣
ደግነት
ኤል ሴሪቶ