በራስጌህ በኩል ያለው ቋሚ

ይመሬ፣

ከተለያየን ዓመት ከሁለት ወር ሆነን። ሚያዝያ ላይ ሄድክ፣ አሁን ሰኔ ነው፤ ሁለተኛው ክረምት ያላንተ ገባ። ይህን የምጽፍልህ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነው፣ አንተ «አሶሳ ላይ ዝናብ ሲመጣ ሰው ወሬውን ለነገ ያሳድራል» የምትለው ዓይነት ዝናብ። እኔ ግን ዝናብ ባይኖርም ወሬ ካቆምኩ ቆይቻለሁ።

የሚያስለቅስ ደብዳቤ ልጽፍልህ አልተቀመጥኩም። የተቀመጥኩት ስለ ቤቱ ልነግርህ ነው። ቤቱን ምስጥ አስበላሁት። ገባበት አላልኩም፣ አስበላሁት ነው ያልኩህ።

ወደዚያ ከመግባቴ በፊት የቤተሰቡን ወሬ ልንገርህ። ልጃችን ሰላም ባሕር ዳር ሥራ ይዛለች፣ ቤትም ተከራይታለች። እሑድ እሑድ ትደውልና «እማ፣ እዚያ ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ፣ ነይ እኔ ጋ» ትለኛለች። ክረምቱ ሲወጣ ቤቱን ሸጬ እመጣለሁ ብያታለሁ። አስቤበት እንዳይመስልህ። ካንተ ወዲህ ለሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ እሺ ነው የምለው፣ ይቀለኛል። ትምህርት ቤት እንደ ድሮዬ አራተኛ ክፍልን አማርኛ አስተምራለሁ። ክፍል ውስጥ ድምፄ ይወጣል፣ የቤታችንን ግቢ በር አልፌ ስገባ ያልቃል። መምህራኑ ጠንካራ ነሽ ይሉኛል። በቀብርህ ቀን አላለቀስኩም፣ በአርባህም አላለቀስኩም፣ በሙት ዓመትህም ወዲያ ወዲህ እያልኩ ሰው ሳስተናግድ ዋልኩ። «ይቺ ሴት ልቧ ድንጋይ ነው» ያለችም አለች። ማን እንደሆነች አልነግርህም፣ እዚያም ሆነህ ታኮርፋታለህ።

ልቤ ድንጋይ ሆኖ አይደለም። ምንም አይሰማኝም፣ ያ ብቻ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት መዶሻህን ገልብጠህ በእጀታው ግድግዳውን የምታንኳኳው ትዝ ይለኛል። ከምርጊቱ ሥር የትኛው ቋሚ የት እንደቆመ ታውቃለህ፣ አንተ ነህ ያቆምካቸው። ከሳሎኑ ማዕዘን ትጀምርና ጆሮህን አስጠግተህ አንድ በአንድ ትሄድባቸዋለህ። ሙሉ ድምፅ ከሰጠህ ታልፋለህ። ካልሰጠህ ሁለቴ ትመታና ዓይንህን ትጨፍናለህ። እኔ «ሐኪም ሆንክ እንዴ» ስልህ በእጅህ ዝም በይ ትለኛለህ። ጉባ ግድቡ ላይ አናጢ ሆነህ በሠራህባቸው ዓመታት ወር ጠብቀህ ስትመጣ፣ አቧራህን እንኳ ሳታራግፍ፣ እግርህን ሳትታጠብ ቀድመህ ግድግዳውን ነበር የምታንኳኳው። ከኔ በፊት ለግድግዳ ሰላምታ ይሰጣል ብዬ ሁለት ቀን ሙሉ አኩርፌህ አውቃለሁ። እንዴት ያለ ሞኝነት ነበር፣ ሁለት ቀን ሙሉ።

የኔ ጆሮ ደብተር በማረም ተይዞ በግማሹ ነበር የሚሰማህ። ያም ሆኖ አንዱን አልረሳሁትም። «ምስጥ አፈር ይዞ ይገባል፣ ነቀዝ ዱቄት ያወጣል» ትለኝ ነበር። የቀርከሃው ወንበር በመርፌ የተበሳሳ መስሎ ሥሩ ነጭ ዱቄት ሲከመር ነቀዝ መሆኑን ያሳየኸኝ አንተ ነህ። በየቀዳዳው በመርፌ ናፍጣ ጨምረህ በሰም ደፈንከው፣ ወንበሩ እስከ ዛሬ ይቀመጡበታል። ምስጥ ግን ቀዳዳ አያሳይም አልከኝ። ፀሐይ አይወድም፣ መንገዱን በጭቃ እየሸፈነ ነው የሚወጣው። መንገዱን ብትጠርጊበት ነገ ሌላ ይሠራል፣ ከየት እንደተነሳ ነው መፈለግ ያለብሽ አልከኝ። ለዚህ ነበር ማገዶ ከግድግዳ እንዳይጠጋ የምትከለክለው። ማገዶአችን ከአጥሩ ጥግ፣ ድንጋይ ላይ ነበር የሚደረደረው። አንድ ግንድ ግድግዳ ተደግፎ ካየህ የቆመ እባብ ያየህ ነበር የምትመስለው።

አሁን ጥፋቴን ልንገርህ።

ለለቅሶህ ሰው እንጨት አመጣ። ካደግክበት የሰፈራ መንደር በመኪና ጭነው መጡ፣ የትምህርት ቤቱ ሰዎችም በትከሻቸው አመጡ። ጎረቤታችን ሐጂ ባበክር ደረቅ ቀርከሃ በአህያ አስጭነው ላኩ። ከለቀስተኛው ቁጥር በላይ እንጨት ነበር። ድንኳኑ ሲነቀል የተረፈውን ሰብስበው ከመኝታ ቤታችን ጀርባ፣ ግድግዳው ላይ ደገፉት። ልክ በራስጌህ በኩል። ማንም ክፉ አላሰበም፣ ግቢውን ሊያጸዱልኝ ነው። እኔ ቆሜ አየሁ። ይመር ይህን አይወድም የሚለው ሐሳብ መጣልኝና ሄደ፣ ዝም አልኩ።

ከዚያ በኋላም አልነካሁትም። በከሰልና በኤሌክትሪክ ነው ስሠራ የከረምኩት። ያ እንጨት ሰው ላንተ ብሎ ያመጣው ነው። ባነደው ለቅሶህ የሚያልቅ መሰለኝ፣ ያውም ገና ያላለቀስኩት ለቅሶ።

የዋንዛው አልጋችን ላይ አሁንም በጎኔ ነው የምተኛው። ያንተ ትራስ በቦታው ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ጠዋት ስነሳ ትራስህ ላይ ቁንጣሪ የምታህል አፈር አገኝ ነበር። ምርጊቱ አርጅቶ ነው አልኩና አራገፍኩት። በማግስቱም አራገፍኩት። ቆይቶ ከወለሉ እስከ ራስጌህ ድረስ እርሳስ የሚያክል የጭቃ መስመር ወጣ። በመጥረጊያ ጠረግኩት። በሦስተኛው ቀን ተመልሶ ወጣ፣ ጠረግኩት። እንዲህ እያልኩ እስከ ግንቦት ደረስኩ። ጥርስ እንደመፋቅ ሆነብኝ፣ ትራስ ማራገፍ፣ ግድግዳ መጥረግ፣ ትምህርት ቤት መሄድ። ሃያ ዓመት ያስተማርከኝ ሴት ነኝ ይህን የማደርገው።

የግንቦት የመጀመሪያው ዝናብ ከሰዓት በኋላ ዘንቦ እንዳባራ አሸን፣ ያ ክንፋሙ ምስጥ፣ ወጣ። በየዓመቱ ይወጣል፣ መብራት ያያል፣ ክንፉን ይጥላል። የዘንድሮው ግን ከውጭ አልመጣም። ከራስጌህ በላይ ካለው ስንጥቅ እየተግተለተለ ወደ ቤት ውስጥ ፈላ። የመስኮቱ ደፍ ክንፍ በክንፍ ሆነ። ክንፉን በመጥረጊያ ሰብስቤ ውጭ ደፋሁት፣ እጄን ታጠብኩ፣ ደብተር ማረም ጀመርኩ። ያን ዕለት እንኳ ምንም አልተሰማኝም።

በማግስቱ ሐጂ ባበክር ማንጎ ይዘውልኝ መጡ። ከሄድክ ወዲህ ማንጎ በደረሰ ቁጥር ያመጡልኛል። በተከፈተው የመኝታ ቤት በር በኩል ግድግዳውን አዩና ማንጎውን አስቀምጠው ገቡ። ትራስህ ላይ ያለውን በጣታቸው አንስተው እያሹ «መምህር፣ ይሄ ዱቄት ነው፣ አፈር ነው?» አሉኝ። አፈር ነው አልኳቸው። «አንተ እያወቀ ለምን ዝም አለ?» አሉ። አማርኛ በኋላ የለመዱት ቋንቋ ነውና እስካሁን «አንተ» ነው የሚሉኝ፣ አንተ እየሳቅክ «ሐጂ እኮ ወንድም አገኘሁ ብለው ነው» ትል እንደነበረው። በምርኩዛቸው ራስጌህን አንኳኩ። የባዶ ጀሪካን ድምፅ ሰጠ። ከዚያ ወደ ጀርባ ዞረው ክምሩን አዩት። «የይመር ለቅሶ እንጨት ነው?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። «ይመር ይሄን ቢያይ ሁለታችንን ይቆጣል። ያ ቀርከሃ እኔ አመጣ» አሉ።

ቅዳሜ ተመልሰው መጡ። እኔ ያንተን መዶሻ ያዝኩ፣ እሳቸው ምርጊቱን ከራስጌህ በኩል ማንሳት ጀመሩ። ቋሚው ከውጭ ሲያዩት ደህና ነበር። ጣቴን ሳስነካው ወደ ውስጥ ገባ። ቅርፊቱ እንደ ወረቀት ቀርቷል፣ ሆዱ አፈር ተሞልቷል። እንደኔ ሆኖ ነበር ብዬ እንዳልጽፍልህ፣ እንዲህ ያለ ወሬ አትወድም። እንጨት እንጨት ነው።

ቅርፊቱ ላይ ግን ጽሑፍ ነበረበት። ቤቱን ስትሠራ በመሮ ጫፍ የጫርከው። ግማሹ በእጄ ላይ ረገፈ፣ የቀረው ይነበባል፦ «እኔ። ዘይት 1።»

አልገባኝም። ሐጂ ባበክር ሌሎቹም ተበልተው እንዳይሆን እንይ ብለው በኔ ራስጌ በኩል ያለውን ምርጊት አነሱ። የኔ ቋሚ ጠጣር ነበር። በተቃጠለ ዘይት ጠቁሮ፣ ትናንት የተቀባ ነበር የሚመስለው። እሱም ላይ ተጽፎበታል፦ «መምህሬ። ዘይት 2።»

ያኔ ገባኝ። ቤቱን ስንሠራ ከጋራዥ የለመንከው አንድ ጀሪካን የተቃጠለ ዘይት ነበር። ሁሉም ቋሚ ሁለት ሁለት ጊዜ መቀባት አለበት ብለኸኝ ነበር። ይበቃል ወይ ስልህ ይበቃል አልከኝ። አልበቃም ነበር። አንድ ቋሚ ላይ መጉደል ነበረበት፣ አንተም ያንተን መረጥክና ዝም አልክ። እንዳትረሳው ጻፍከው፣ በጭቃ መረግከው፣ ሃያ ዓመት አጠገቡ ተኛህ።

መሬት ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ ይመሬ። ለሰው የማይነገር ዓይነት ለቅሶ ነው ያለቀስኩት፣ አፍንጫዬ እየፈሰሰ፣ መዶሻውን አቅፌ። ዓመት ዘግይቶ መጣ። ሐጂ ባበክር ወጥተው፣ ጨርሼ እስክነሳ ድረስ ጀርባቸውን ሰጥተው ግቢው ውስጥ ቆሙ።

ከዚያ ሥራ ሆነ። ክምሩን አነሳን። የተበላውን እዚያው አቃጠልነው፣ ደህናውን አጥሩ ጥግ ድንጋይ ላይ ደረደርኩት፣ በሱ ወጥ እየሠራሁበት ነው። ክምሩ የነበረበትን መሬት ቆፍረን መንገዱን ተከተልን፣ ከአንድ ማንጎ ዛፍ ሥር ያለ ኩይሳ ጋ አደረሰን። የምስጡን እናት እስክናገኝ ድረስ ቆፈርን፣ ጣት የምታህል ነጭ፣ መንቀሳቀስ የማትችል። ሐጂ ባበክር በአካፋ አውጥተው ለዶሮ ጣሏት። ዶሮዋ አንዴ አየቻትና ዋጠቻት። ሳቅሁ። ይህንንም ልንገርህ ብዬ ነው።

አዲሱን ቋሚ እሳቸው ከመንጌ ወረዳ አስመጡልኝ፣ በበጋ የተቆረጠና በደንብ የደረቀ። ማገሩ ያው ቀርከሃ ነው፣ ወራጅ ውኃ ውስጥ ሰንብቶ የወጣ፣ ነቀዝ እንዳይወደው። ሥሩ አፈር እንዳይነካ ጠፍጣፋ ድንጋይ አስቀመጥንለት። ለዘይቱ ጋራዥ የሄድኩት ራሴ ነኝ፣ ጀሪካኑን ይዤ። ምን ሊያደርግልሽ ነው ሲሉኝ ለባለቤቴ ነው አልኳቸው። አንዴ ቀባሁት፣ ሁለት ቀን አደረቅሁት፣ እንደገና ቀባሁት።

ለሰላም ደወልኩላትና ቤቱን አልሸጥም፣ ለጥምቀት እመጣለሁ፣ አይቼሽ እመለሳለሁ አልኳት። ከእሺ ሌላ መልስ ከሰጠኋት ዓመት ሆኖኝ ነበር። «እማ፣ አልቅሰሻል እንዴ?» አለችኝ። አዎ አልኳት። እሷም አለቀሰች።

ድኛለሁ እያልኩህ አይደለም። ዛሬም ከቀኑ የሚበዛውን ምንም ሳይሰማኝ ነው የምውለው። ከክፍል ወጥቼ እስከ ቤት ድረስ ማንን ሰላም እንዳልኩ አላስታውስም። እንጨቱ ላይ ግን እጄ ሲያርፍ ይሰማኛል፣ ያ አለ።

ምርጊቱ ከመመለሱ በፊት አንድ ነገር ሠራሁ። በዘይት ጨርቅ ጠቅልለህ የተውከውን መሮህን ከሣጥን አወጣሁና አዲሱ ቋሚ ላይ ጫርኩ። ፊደሉ ተንጋደደብኝ፣ ተማሪዎቼ ቢጽፉት አልቀበላቸውም ነበር። «ይመር። ዘይት 2።» ይላል። በነጋታው ጭቃው ተመረገበት፣ አሁን አይታይም።

አልረሳህም ብዬ አልምልልህም፣ መሐላ ትጠላ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ መዶሻህን ገልብጬ አንኳኳለሁ። ከሳሎኑ ማዕዘን ጀምሬ አንድ በአንድ እሄድባቸዋለሁ፣ ያንተን መጨረሻ ላይ አደርገዋለሁ፣ ሁለቴ መትቼ ዓይኔን ጨፍኜ እሰማለሁ። ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ አንኳኩቻለሁ፣ ሙሉ ነው።

ጠዋት ስነሳ ትራስህ ላይ አፈር አልነበረም።

መምህርህ