የሰባ አንድ ዓመት ልጄን በሚመለከት

ቀን፦ ሰኞ፣ ኦገስት 11 ቀን 2014

ለኢንዶኒ ሆስቴል የቤት ድልድል ጽሕፈት ቤት
ለክብርት ወ/ሮ ቦንጌካ ማዶንዶ፣ ኃላፊ
ደርባን

ጉዳዩ፦ እኔ በሞላሁት ቅጽ ምክንያት አሥራ አንድ ሰዎች ዓርብ ዕለት እንዳይበተኑ ስለ መለመን

ክብርት ሆይ፣

እኔ አመልካች ሜሻክ ንሴሌ፣ ዕድሜዬ 48፣ የኢንዶኒ ሆስቴል ብሎክ 4 ነዋሪና የ«ቀስ በሉ ወንድማማቾች» ዘፋኞች መሪ ነኝ። ኢሲካታሚያ፣ ያ በእግር ጣት ጫፍ እየተረገጠ የሚዘፈነው የዙሉ ወንዶች ዜማ፣ ምን እንደሆነ ለእርስዎ አላስረዳም። አሥራ አንድ አፍ እንጂ አንድም የሙዚቃ መሣሪያ የለንም።

1. እስካሁን የወንድ ሠራተኞች ማደሪያ የነበረው ሆስቴላችን ለባለ ቤተሰቦች እንዲሆን ሲወሰን፣ ቤተሰብ የሌለው ወንድ በሦስት ሌሎች ሆስቴሎች እንደሚከፋፈል ተነግሮን ቅጽ ታደለን። እኔም «አብረውዎት የሚኖሩ ልጆች» በሚለው ቦታ የአሥሩን ዘፋኞቼን ስም ጻፍኩ። የወለድኳቸው ሁለት ሴት ልጆች አገር ቤት፣ ምሲንጋ፣ ከእናታቸው ጋር ናቸው። ቅጹ የጠየቀው አብረውኝ የሚኖሩትን ስለሆነ እነሱን አልጻፍኳቸውም።

2. በእኛ ቡድን መሪ አባት ነው። ያጠፋውን የሚቀጣ፣ የታመመውን የሚያስታምም፣ የሞተውን አገሩ ወስዶ የሚቀብር እሱ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «አባባ» ስባል ኖሬ፣ ልጆችህ እነማን ናቸው ብባል ሌላ ስም ከየት ላምጣ? ለማታለል ቢሆን ኖሮ ከአሥሩ አንዱ የሆኑትን የአቶ ምቴምበኒ ዙንጉን ዕድሜ 71 ብዬ አልሞላም ነበር።

3. ጸሐፊዎ አቶ ቼሌ ቅጹን ሲያነቡ፣ «አንተ፣ ልጅህ እኮ በሃያ ሦስት ዓመት ይበልጥሃል። በስንት ዓመትህ ብትወልደው ነው?» አሉኝ። ሰልፉ ሁሉ ሳቀ፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ሳቅሁ። ሳቄ ጥፋትን እንደ ማመን ተቆጥሮ፣ «ሐሰተኛ ቃል ሰጥቷል» የሚል ደብዳቤ ወጣብኝ። አሥራ አንዳችንም ዓርብ አልጋችንን ለቀን በየተመደብንበት እንድንበተን ታዘዝን።

ለማስረዳት ብመለስ፣ አቶ ቼሌ «ከአሥራ አንዳችሁ ስምንታችሁ የምትዘፍኑት ያው አንድ ወፍራም ድምፅ ነው አይደል? ስድስቱ ቢሄዱ ምን ይጎድልሃል?» አሉኝ። ክብርት ሆይ፣ የቤት መሠረት፣ ድንጋዩ ሁሉ ያው ነው ተብሎ አይነቀልም። ይህን ያኔ ብመልስላቸው ጥሩ ነበር፤ የመጣልኝ ግን ከቢሮው ከወጣሁ በኋላ ነው።

4. አሁን ወደሚያስጨንቀኝ ልምጣ። አቶ ዙንጉ ዓይናቸው ከጠፋ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። በትር አይዙም። ወደ ቧንቧው ሲሄዱም ሆነ ደረጃ ሲወርዱ፣ አንዳችን ከፊት ሆነን እናንጎራጉራለን፤ እሳቸው ድምፁን ይዘው ይከተላሉ። አንድ ቀን እንኳ ወድቀው አያውቁም። አሁን የተመደቡት ግን ማንም ወደማያውቃቸው ሆስቴል፣ ብቻቸውን ነው። ደብዳቤውን ሳነብላቸው፣ «አባባ፣ እዚያ ማን ያንጎራጉርልኛል?» አሉኝ።

5. ስለዚህ ቅጣት የግድ ከሆነ ቅጹን የሞላሁት እኔ ነኝና የእኔ አልጋ ይወሰድ። እኔ የትም ልውደቅ። አሥሩን ግን፣ ሩቅም ይሁን የተጎሳቆለ፣ በአንድ ሆስቴል አንድ ላይ እንዲመድቡልኝ እግርዎ ላይ ወድቄ እለምናለሁ። መሪ ከመካከላቸው አይጠፋም።

ቃሌን በአካል ለማስረዳት ዓርብ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ አሥራ አንዳችንም ቢሮዎ እንቀርባለን። ጥበቃዎቹ እንዳይሰጉ ከወዲሁ ይንገሩልኝ፤ እኛ የምንረግጠው በጣታችን ጫፍ ነው። ኮሪደሩ ላይ ማንጎራጎር ቢሰሙ አድማ አይደለም። አቶ ዙንጉን ወደ በርዎ እያመጣናቸው ነው።

ከአክብሮትና ከጭንቅ ሰላምታ ጋር፣

ሜሻክ ንሴሌ (ፊርማ)
የአቶ ምቴምበኒ ዙንጉ የጣት አሻራ